እትዬ ቴሌግራም እና የልጄ የሠርግ መጥሪያ

የሠርግ መጥሪያ ካርድ የሚጽፉት ሙሽሮቹ ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው ገና ልጅ አልዳረም ማለት ነው። መጥሪያውን የሚጽፈው በየቤተሰቡ የማይጠፋው ያ አንድ ሰው ነው፤ ሳይጠራ መጥቶ፣ መነጽሩን ጠርጎ፣ «እስቲ ያንን ወረቀት አምጡት» የሚለው። የእናንተ ቤት ሰውዬ ምናልባት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ይሆናሉ፤ ወይም ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ አጎት። ቃል ይጨምሩላችኋል። «በታላቅ ደስታ» የሚለውን «በታላቅና ወደር በሌለው ደስታ» ያደርጉላችኋል። እድለኞች ናችሁ። የእኛዋ ሴትዮ ይቀንሳሉ።

ክብርት እትዬ ቴሌግራም የባለቤቴ አክስት ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ከቴሌግራም መላኪያ መስኮት ኋላ ተቀምጠው የሰውን ደስታና ኀዘን በእርሳስ ሲያሳጥሩ ኖረዋል። ቴሌግራም የሚከፈልበት በቃል ቁጥር ነበርና፣ ሰው አንድ ገጽ ፍቅር ይዞ መስኮታቸው ላይ ይቆማል፤ ሁለት ቃል ተሸክሞ ይመለሳል። አንዱ ወታደር ለሚስቱ «ደህና ነኝ፣ ናፍቀሽኛል» ብሎ ጽፎ ነበር አሉ። «ደህና ነኝ»ን ሰረዙበት። «ደህና ባይሆን መች ትናፍቀው ነበር?»

ቴሌግራም ቤቱ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ! እርሳሳቸው ግን ጡረታ አልወጣችም። ከቦርሳቸው ብቅ ካለች የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ይህቺ ቃል ሥራዋ ምንድን ነው?»

የባለቤቴ ወንድም ሲያገባ «በደስታችን ቀን ተገኝተው የደስታችን ተካፋይ በመሆን ደስታችንን እንዲያደምቁልን» የሚል ይዞ ቀረበ። እትዬ በጣታቸው ቆጠሩ። «ደስታ ሦስት ጊዜ! አንዱ ይበቃሃል፤ ሁለቱን ለኑሮው አስቀምጠው።» አንዷ ዘመዳችን ደግሞ ከሙሽራው ስም ፊት «ኢንጂነር» ብላ ጽፋ ነበር። «ድልድይ ሊሠራላት ነው ወይስ ሊያገባት?» አሉና ሰረዙት። ሙሽራው ራሱ እስከ ዛሬ ማዕረጉን ሲናገር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

አንድ ጊዜ ግን እጃቸው ከልክ አለፈ። የጎረቤታችን ልጅ ካርድ ላይ «ለምሳ ግብዣ» ከሚለው ቀጥሎ ያለውን ሰዓት ሰረዙት። «ምሳ መቼ እንደሚበላ የማያውቅ ምን ዓይነት ወዳጅ አላችሁ?» ብለው። እንግዳው ከአራት ሰዓት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲንጠባጠብ ዋለ። አስተናጋጆቹ እግራቸው ቀጠነ። እትዬ ግን ወይ ፍንክች! «ማን እንደሚወዳችሁ አወቃችሁ፤ ቀድሞ የመጣው ነው» አሉ።

ከዚያ ተራው የእኛ ሆነ። ልጄ ልታገባ ነው። እናቷ ደግሞ ከሞተች ሦስት ዓመቷ ነው።

«አባዬ፣» አለችኝ ልጄ፣ «እማዬ ካርዱ ላይ ካልኖረች ካርድ የሚባል ነገር አልበትንም። ደግሞ ካርዴን መርዶ እንዳታደርግብኝ።»

እኔ በጋዜጣ አምድ የምተዳደር፣ ቃል በማብዛት ልጅ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። አንድ የመጥሪያ ካርድ ያቅተኛል? አቃተኝ። አሥራ አንድ ጊዜ ጻፍኩ። አንዱ ላይ ባለቤቴ ጭራሽ ትጠፋለች፤ ሌላው ላይ ካርዱ ያለቅሳል። ልጄ እያንዳንዱን አንብባ፣ በጀርባው ገልብጣ ትመልስልኛለች። ያ ግልበጣዋ ከማንኛውም አርታኢ ይከፋል። አታሚው ደውሎ «ነገ ጠዋት ካልደረሰልኝ ማሽኑ ወደ ሌላ ሥራ ይገባል» ባለኝ ቀን ከሰዓት በኋላ የበሩ ደወል ጮኸ። እትዬ ቴሌግራም ነበሩ፤ ከነቦርሳቸው።

ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡና አሥራ ሁለተኛውን ወረቀቴን ሳቡት። እንዲህ ይላል፦ «እኔና ከሦስት ዓመት በፊት በሞት የተለየችኝ፣ ዘወትር ከልባችን የማትጠፋው ውድ ባለቤቴ…»

እርሳሷ ወጣች። «ዘወትር ከልባችን የማትጠፋው» ተሰረዘ። «ካልጠፋች ምን ያስጽፋታል?» አሉ። ቀጥለው «ውድ» ላይ ደረሱ። «ባትወዳት ስሟን ትጽፍ ነበር?» እሱም ሄደ።

ደሜ ፈላ። «እትዬ፣ እሷን እንኳ ይተዉልኝ!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ልጄ ከማእድ ቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። እትዬ ቀና ብለውም አላዩኝ። እርሳሷን «በሞት የተለየችኝ» ላይ አሳረፏት።

«ይህቺስ ሥራዋ ምንድን ነው?»

«እውነቱ ነዋ!»

«የምትጠራቸው ሰዎች ቀብሯ ላይ አልነበሩም?»

«ነበሩ።»

«ታዲያ የሚያውቁትን ምን ትነግራቸዋለህ?»

«ሰው ምን ይላል እትዬ? የሞተ ሰው ሠርግ ይጠራል እንዴ?»

«ይቺን ልጅ ማን ወለዳት?»

«እሷ።»

«እንግዲያው ትጥራ። ሞትን አልጠራነውም፤ ካርዱ ላይ ምን ጥልቅ አደረገው?»

ሰረዙት። የእርሳሱን ብናኝ እፍ ብለው ወረቀቱን ለልጄ ዘረጉላት። የቀረው የእኔና የባለቤቴ ስም ጎን ለጎን፣ ከሥሩም «ልጃችንን እንድራለንና ይምጡልን» የሚል ነበር። ከሙሽሮቹ ስም፣ ከቀን፣ ከሰዓትና ከቦታው በቀር ሌላ የለም። ሰዓቱን እንኳ ሳይነኩ ትተውልናል።

ልጄ ጮክ ብላ አነበበችው። የእናቷ ስም ላይ ስትደርስ ድምፅዋ አልተሰበረም፤ ድሮ እናቷን ከጓሮ ስትጠራት እንደምትጠራው ነበር የጠራችው። ከዚያ እትዬን አንገታቸው ላይ ተጠመጠመችባቸው። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ባለቤቴን ከሕፃንነቷ ጀምረው ያሳደጓት እኚህ ሴት መሆናቸውን በንዴት ረስቼው ነበር።

ካርዱ ታትሞ ሲመጣ የመጀመሪያውን ፖስታ ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ለእትዬ ካርድ የሰጠ ሰው አልነበረም፤ የጻፉት እሳቸው ራሳቸው፣ ለምን ይሰጣቸዋል እየተባለ። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ ሬዲዮ ካለበት ክፍላቸው አስገቡኝ። ፖስታውን ተቀብለው መነጽራቸውን ጠረጉ። ላዩ ላይ «ለእትዬ፣ ከነቤተሰብዎ» የሚል በእጄ ጽፌበታለሁ።

እጃቸው ወደ ቦርሳቸው ሄደች።

«‹ከነቤተሰብዎ›?» አሉ። እርሳሷ ወጥታለች። «ይህቺ ቃል ሥራዋ ምንድን ነው? ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ብቻዬን መኖሬን አታውቅም?»

«እኛ ነን እትዬ፣» አልኩ። «እንዳይሰርዙን።»

ፖስታውን እንደገና አነበቡት። ከዚያ እርሳሷን ቦርሳቸው ውስጥ መልሰው ከተቱና ዚፑን ዘጉት።