የጋሽ በቀለ ላፕቶፕ አልነሳም ያለ ሰሞን

ኮምፒውተር አልነሳም ሲል ሰው ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? መኪና ሲቆም ቢያንስ የሚገፋ ይገኛል። ኮምፒውተር ሲቆም ግን መካሪ ብቻ ነው። አንዱ ባትሪውን ነቅለህ መልሰው ይላል፣ ሌላው ፀሐይ ላይ አስጣው ይላል። መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር አስተምር በነበረበት ጊዜ «ደክሞት ይሆናል፣ አሳርፈው» ያለኝ የሥራ ባልደረባ ነበረኝ። እሱም የኮምፒውተር አስተማሪ ነበር።

ይህ የሚያስቀው ክፍል ነው። ቀሪው እምብዛም አያስቅም።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሽ በቀለ የቤት ደላላ ነበሩ። የሚኖሩት የካ ሚካኤል ነው፤ የሚሠሩት ግን ሲ.ኤም.ሲ። እዚያ ቪላ ልከራይ ያለ ሰው በእሳቸው አፍ ሳያልፍ ቁልፍ አይጨብጥም ነበር። አፍ ስል ደግሞ እንዲሁ አፍ እንዳይመስላችሁ። ወሬ ከጀመሩ ያዘዛችሁት ሻይ ሳይቀመስ ይቀዘቅዛል። ግቢው ውሃ የለውም ስትሏቸው «ጎርፍም አይገባበትም» ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ «ካገባሁት ጀምሮ የጀመርኩትን ነገር ጨርሼ አላውቅም» ይሉ ነበር።

ታዲያ እኚህን ሰው ካንሰር የት ይያዛቸው? ጉሮሯቸውን።

ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። ሕይወታቸው ተረፈ፤ ድምፅ የሚያወጡበት ነገር ግን ተቆርጦ ወጣ። ከዚያ በኋላ የሚተነፍሱት አንገታቸው ላይ በተተወች ቀዳዳ ነው። በስስ ፋሻ ይሸፍኗታል፣ በላዩ ላይ ሻርፕ ይጠመጥማሉ። ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ሹክሹክታ እንኳ የለም።

ለምን አይጽፉም ትሉኝ ይሆናል። እጃቸው ከጥንትም ይንቀጠቀጣል፤ የጻፉትን ራሳቸውም ተመልሰው አያነቡትም። ሞባይሉስ? የዚያን ጊዜ ሞባይል ቁልፉ ጥቃቅን ነው፤ አንዱን ሲጫኑ ሦስቱን ይነካሉ። እናም ያ ሁሉ ወሬ ውስጣቸው ተዘጋበት። እትዬ አስካለ ከጠዋት ጀምሮ ሬዲዮ ከፍተው መዋል ጀመሩ። ለምን ብላቸው «ዝምታው ያስፈራኛል» አሉኝ።

ኮሌጃችን የጣለው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። መብራት መጣ ሄደ ሲል ሃርድ ዲስኩ ተቃጥሏል፤ ባትሪውም ሞቷል፤ ከሶኬት ከተነቀለ ይጠፋል። ሃርድ ዲስክ የሌለው ኮምፒውተር ለሰው ሁሉ ቆሻሻ ነው። ግን ሊኑክስ የሚባለው ሥርዓት ቀለል ያሉ ዓይነቶች አሉት፤ ትንሽዬ ፍላሽ ላይ ይጫናል፣ ላፕቶፑ ከፍላሹ ይነሳል፣ ሃርድ ዲስክ አለ የለም ብሎ አይጠይቅም። ያንን አዘጋጀሁ፤ የአማርኛ መጻፊያ ጨመርኩበት፤ ፊደሉን ከግድግዳ ዳር እንዲነበብ አድርጌ አገዘፍኩትና ወሰድኩላቸው።

ጋሽ በቀለ በአንድ ጣት፣ ቁልፍ በቁልፍ፣ መጀመሪያ የጻፉት ይህንን ነው።

«አስካለ፣ ሬዲዮውን ዝጊው።»

እትዬ አስካለ ዘጉት። ከዚያ ወዲያ ቤቱ እንደ ድሮው ሆነ። ማን ገብቶ ማን ይወጣል? ደንበኛው ቤት ድረስ እየመጣ ስክሪኑ ፊት ይቀመጣል፣ ጋሽ በቀለ እየጻፉ ያግባቡታል። ድሮ ይጣደፍ የነበረ ሰው አሁን አረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ ለመጠበቅ ይገደዳል። እንዲያውም ሳይብስባቸው አልቀረም።

አሁን ወደ ዮናስ ልምጣ። የጋሽ በቀለ ልጅ ሜሮን አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት የሚሠራ ዮናስ የሚባል ወጣት ወዳ ነበር። ልጁ ጨዋ ነው። ችግሩ መወደድ መፈለጉ ነው። ሽማግሌ ሊልክ ቀን ከተቆረጠ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት፣ በሽተኛ ልጠይቅ ብሎ ብቅ አለ። ላፕቶፑን አየው። ዓይኑ በራ።

«ጋሼ፣ ይሄ ከርነሉ አርጅቷል። አዲስ ወጥቷል፣ ላድስልዎት?»

ከርነል የሚባለው ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚነቃው፣ ስክሪኑንም ኪቦርዱንም የሚያዘው ክፍል ነው። ጋሽ በቀለ ይህን አያውቁም። የሚያውቁት አዲስና አሮጌ የሚባሉትን ቃላት ነው። ደላላ ናቸው።

«አዲስ ካለ አሮጌ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ጻፉ።

ዮናስ ከቦርሳው ሲዲ አውጥቶ አዲሱን ጫነ። ፍላሹ ጠባብ ስለነበር አሮጌውን አጠፋው። ከዚያ ላፕቶፑን አጥፍቶ አበራው። የመጀመሪያው ገጽ መጣ፣ ነጫጭ ጽሑፍ ሽቅብ ሮጠ፣ ከዚያ ስክሪኑ ጨለመ። ጨልሞም ቀረ።

ተጠርቼ ስደርስ ጋሽ በቀለ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ዮናስ ጥግ ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ጋሽ በቀለ እኔን ሲያዩ ጣታቸውን ወደ ዮናስ ቀሰሩ፤ ከዚያ ወደ ጉሮሯቸው። ሌላ ምንም የለም። ያን ያህል የተቆጣ ሰው ምንም ድምፅ ሳይወጣው አይቼ አላውቅም ነበር፤ ማየትም አልመኝላችሁም። ሜሮን ፊቷን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ሥራ ጀመርኩ። ሊኑክስ ሲነሳ፣ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ እንዲህ ሆነህ ተነሳ ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ኖሞድሴት የምትባል ትእዛዝ አለች፤ ከርነሉን የስክሪኑን ካርድ አትነካካ ማለት ናት። ጻፍኳት። ጨለማ። የኃይል አያያዙን ተወው አልኩት። ይባስ ብሎ መንገድ ላይ ደርቆ ቀረ። እስካሁን ያስቀመጥከውን ሁሉ ረስተህ እንደ አዲስ ተነሳ አልኩት። አሁንም ጨለማ። ጥፋቱ የጋሽ በቀለ ጽሑፎች ላይ እንዳልሆነ ቢያንስ አወቅሁ፤ አዲሱ ከርነልና የላፕቶፑ አሮጌ የስክሪን ካርድ አይስማሙም። በመጨረሻ ሥዕል፣ መስኮት የሚባል ነገር ሁሉ ይቅርብህ፣ በጽሑፍ ብቻ ተነሳ አልኩት።

ተነሳ። ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል። ሁላችንም ተነፈስን።

ጋሽ በቀለ ጠጋ ብለው ጻፉ። የወጣው ግን አማርኛ አይደለም። ያ ጥቁር ገጽ የእኛን ፊደል አያውቅም፤ የሚቀበለው የእንግሊዝኛውን ብቻ ነው። ጋሽ በቀለ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፊደል ቢለዩም፣ በዚያ አማርኛ መጻፍ ለሳቸው ድንጋይ መፍለጥ ነው። ዓይናቸውን አነሱና ዮናስን አዩት።

ቅጂ አላስቀመጥኩም ነበርና መፍትሔው አሮጌውን ከርነል ከኢንተርኔት ማምጣት ነበር። ቅዳሜ ከዮናስ ጋር መገናኛ ወርደን አንድ ኢንተርኔት ቤት ገባን። ለእናንተ ዛሬ ትንሽ ነገር ነው፤ ያኔ ግን መስመሩ ይንቀረፈፋል። ተቀምጠን ምን ያህል እንደወረደ የሚያሳየውን አሞሌ እናያለን። ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው መብራት ጠፋ። መጣ፣ ከዜሮ ጀመርን። እንደገና ጠፋ፤ ፈረቃ ነው ተባለ።

ጨለማው ውስጥ ዮናስ «እምቢ ቢሉኝ ይፈረድባቸዋል?» አለኝ።

«አይፈረድባቸውም» አልኩት።

«እንድታጽናናኝ ነበር የጠየቅኩህ።»

የሰውየውን አፍ ሁለተኛ ጊዜ የዘጋው እሱ ነው።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ዮናስ እንደ ወጉ አልመጣም፤ ታች ታክሲ መቆሚያው ጋ ሆኖ ይጠብቃል። ጋሽ በቀለ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ሻርፓቸውን አስተካክለው፣ ላፕቶፑን ከነጥቁር ገጹ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ። እትዬ አስካለ ከጠዋት ጀምሮ «ራስህን ነቅንቅ፣ ይበቃል» ሲሉ ነበር። አልሰሟቸውም። በመነቅነቅ ቤት ያከራየ ደላላ የለም።

የሽማግሌዎቹ መሪ አቶ ወልዴ የሚባሉ፣ ንግግር የሚችሉ ሰው ናቸው። ጋሽ በቀለን ከዚያ በፊት አይተዋቸው አያውቁም። ጉሮሯቸውን እንደሚያማቸው ብቻ ሰምተዋል። ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ለመልካም ነገር እንደመጡ፣ የልጁን ጨዋነት፣ የቤተሰቡን ደግነት ዘርዝረው ጨረሱ። ሁሉም ሰው የሚጠብቀው የተለመደውን ነው። አባት የሆነ ሰው እሺ ቢል እንኳ እናስብበት፣ ከዘመድ ጋር እንምከር፣ ተመልሳችሁ ኑ ይላል። የጥር ሠርግ እየተገባደደ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጾም ይገባል። አንድ ሁለቴ ከተመላለሱ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው ማለት ነው።

ጋሽ በቀለ ጣታቸውን አነሱ። አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ፈለጉ፣ ሌላ ተጫኑ። አቶ ወልዴ መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉና እንደ ተማሪ ቆጠሩ።

«ቲ… ኦ… ኤል… ኦ። ቶሎ ነው የሚለው?»

ቶሎ ምን? ቶሎ ውጡልኝ? እትዬ አስካለ ወንበራቸውን ጨበጡ። ጋሽ በቀለ ቀጠሉ። ከግንባራቸው ላብ ይወርዳል። ትንፋሻቸው በፋሻው ሥር ሲፍ ሲፍ ይላል።

«ዋይ… አይ… ጂ… ኤ… ቢ… ዩ» አሉ አቶ ወልዴ። ቀና አሉ። «ይጋቡ። ቶሎ ይጋቡ።»

ጋሽ በቀለ እጃቸውን ከኪቦርዱ ላይ አነሱ። ጨርሰዋል።

ሽማግሌዎቹ ግራ ገባቸው። አቶ ወልዴ ለሚቀጥለው ጊዜ ያዘጋጁት ንግግር እንኳ ሳይኖራቸው አይቀርም። ከኋላ የተቀመጡት አንደኛው ወደ ጓደኛቸው ጠጋ ብለው «ልጅቷ ነፍሰ ጡር ናት እንዴ?» አሉ። ሹክሹክታ መስሏቸው ነው። በር ሥር የቆመችው ሜሮን ሰማች።

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ መጣች። «አባዬ፣ ምን ሆነህ ነው? ልትገላገለኝ የቸኮልክ አስመሰልከው። ሰው ምን ይለኛል?»

ጋሽ በቀለ ወደ ስክሪኑ ዞሩ። ጥቂት ፊደላት ጫኑ፣ አጠፉ፣ እንደገና ጫኑ። እኔም ላነበው አልቻልኩም። ክዳኑን ዘጉትና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ሰኞ ጠዋት መብራት ነበር። አሮጌውን ከርነል አወረድኩት፣ ፍላሹ ላይ መለስኩት፣ የካ ሚካኤል ደርሼ ሰካሁት። ያለ ምንም ትእዛዝ ተነሳ። ግዙፉ የአማርኛ ገጽ መጣ። ሜሮን አኩርፋ ቆማለች፤ ግን የጻፉትን ጮክ ብላ የምታነብላቸው እሷ ስለሆነች ቀረበች።

«ተመልሶ መጥቷል» ብለው ጻፉ።

«ማን?» አለች ሜሮን።

ጋሽ በቀለ ሻርፓቸውን ነኩ።

እሳቸው ቀጠሉ፤ ሜሮንም ድምፅዋ እየተቆራረጠ አነበበች። ሐኪሙ ከነገራቸው ሰንብቷል። ፋሲካን አይደርሱም። ደስታዋ እንዳይበላሽ ዝም ብለው ነበር። ከዚያ ይህንን ጻፉ፦

«ለሽማግሌዎቹ ብዙ አስቤ ነበር። ወጉን ጠብቄ ላመላልሳቸው፣ ዘሩን ልጠይቅ፣ ልከራከር። ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ለሚቀጥለው ወር ቀጥሬያቸዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ያ ጥቁር ነገር ግን አያስወራም። ሁለት ቃል ብቻ ሲሰጠኝ የምፈልገውን ጻፍኩ።»

ሜሮን አንብባ ስትጨርስ አጠገባቸው ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች። እሳቸው በሌላው እጅ አንድ መስመር ጨመሩ።

«ያንን ልጅ ግን ከፍላሼ አርቁልኝ።»

ሠርጉ ጾም ሳይገባ ተደረገ። ግቢው ውስጥ ትንሽ ድንኳን ተተከለ። ጋሽ በቀለ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ፊት ለፊት ተቀመጡ፤ መጥቶ የሚስማቸውን ሁሉ በእጃቸው እየመረቁ ዋሉ። ላፕቶፑ ሶኬት ስለሚፈልግ ቤት ቀረ። በጾሙ እኩሌታ ላይ አረፉ። የካ ሚካኤል ቀበርናቸው።

እና አሁን ሰው ከርነሌን ላድስ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልበለው? የሚሠራ ነገር አትንካ ልበል? ያ ልጅ ባይነካው ኖሮ ጋሽ በቀለ የልጃቸውን ሠርግ ባላዩ ነበር። ንካ ልበል? ያን ሳምንት ፊታቸውን አይቻለሁ። ስለዚህ ባትሪውን ነቅለህ መልሰው እላለሁ።

ለቅሶው ላይ አቶ ወልዴ አጠገቤ ተቀመጡ። ከንፈራቸውን መጠጡና ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ተናገሩ።

«አጎትህን ብዙ አላውቃቸውም። ግን እንደ እሳቸው ቁጥብ ሰው፣ እንደ እሳቸው ወሬ የማይወድ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።»

እትዬ አስካለ ከማዶ ቀና አሉ። አቶ ወልዴን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አጠገባቸው የነበሩት ሴቶች ለቅሶ መስሏቸው አብረው አነሱ። እኔ ግን ምን እንደነበር እስካሁን አልጠየቅኋቸውም።