ማውስ የማትነካው አሠልጣኝ

መቼም እናንተም ኮምፒውተር አስቸግሯችሁ ሰው ጠርታችሁ ታውቃላችሁ። የተጠራው ሰው ምን ያደርጋል? ማውሱን ይቀማችኋል፣ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ይጨርሰዋል፣ እናንተም ምንም ሳትማሩ አመስግናችሁ ትሸኙታላችሁ።

ጓደኛዬ ሰብለ እንደዚያ አይደለችም። የካናዳዋ ካልገሪ በነዳጅ ገንዘብ በሰከረችበት ዘመን፣ ያገር ልጅ ሁሉ ወደ ኦይል ካምፓኒ ሲሮጥ፣ እሷ መምህራንን የክፍል ቴክኖሎጂ ማሠልጠንን ሥራዬ ብላ ያዘች። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትቆማለች እንጂ የሠልጣኝ ማውስ አትነካም። "እኔ ከነካሁላቸው ነገም እኔኑ ይጠራሉ" ትላለች።

አንድ እሑድ ፎረስት ሎን ሰፈር ባለው ቸርቻችን፣ እሷ ያሠለጠነቻቸው የልጆች አማርኛ አስተማሪ እትዬ ዘነበች ፊደል በፕሮጀክተር ሊያሳዩ ተነሡ። ሀ ሁ ተገልብጦ ወጣ። ወላጆች አንገታቸውን አጣመሙ። የኦይል ካምፓኒ ኢንጂነሮቻችን ሊያስተካክሉ ብድግ ሲሉ ሰብለ መንገድ ዘጋችባቸው።

"አንቺ ልጅ፣ በሰው ፊት አታዋርጂኝ፤ አስተካክዪልኝ!" አሉ እትዬ።

"እርስዎ ይችላሉ፣ እትዬ። ሜኑውን ይክፈቱት።"

ፓስተሩ ሰዓታቸውን አዩ። እኔን በሰብለ ፈንታ አላበኝ፤ በቃ፣ እትዬ ከዛሬ ወዲያ ማስተማሩንም ይተዉታል አልኩ። እሳቸው አንዱን ነኩ፣ ሌላውን ነኩ፤ ድንገት ፊደሉ ቀና አለ! ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

እትዬ ግን ወደ ሜኑው ተመለሱ። ከዚያ ጠቅ አደረጉና መልሰው ገለበጡት።

"ቆዩማ" አሉን፣ "አንዴ ልድገመው።"