የሲጋራ መለኮሻው ባለርስት

መኪና ሲሳፈር ከሰላምታ በፊት ስልክ መሙያ ቀዳዳ የሚፈልግ ሰው በየአገሩ አይጠፋም። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር፣ በሳዑዲ ዐረቢያዋ አሐድ አል-መሳርሐ፣ የዚህ ወገን አለቃ ክቡር እንድሪስ ነበር፤ ይማም ደግሞ የእርሱ ተበዳይ።

የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ስምንት የወሎ ሰዎች የሚያድሩበት የእርሻ ጎጆ መብራት አልነበረውም። ስልክ የሚሞላው ጠዋት ወደ ባሚያው ማሳ በምትወስዳቸው ፒክአፕ የሲጋራ መለኮሻ ብቻ ነበር። እንድሪስ ጋቢናውን ቀድሞ ይይዝና ባለሦስት አፍ ማከፋፈያውን ይሰካል፤ በአንዱ ስልኩን፣ በሌላው የእጅ ባትሪውን፣ በሦስተኛው ዝንብ የማታባርር ማራገቢያውን። ተው ሲሉት መልሱ አንድ ነው፦ «ኸላስ፣ በቃ፣ ለሁሉም ይደርሳል!» ለማንም ደርሶ አያውቅም።

የይማም እኅት ሀዋ ጂዛን ከተማ ውስጥ ከታሰረች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። ወደ አገር ቤት ከመጫኗ በፊት፣ ዛሬ በቀትር፣ በተዋሰችው ስልክ አንዴ ብቻ እንደምትደውል አስነግራለች። የይማም ስልክ ባትሪው አልቆ ሊጠፋ ደርሷል።

«እንድሪስ፣ ዛሬስ ንቀልልኝ። ሀዋ ትደውላለች።»

«አያ ይማም፣ ምን ያስነቅላል? አራተኛም እንጨምራለን!» አለና በማከፋፈያው ላይ ሌላ ማከፋፈያ ደረበበት።

ጧ! ፊውዙ ተቃጠለ። ማራገቢያዋ ቆመች፤ የይማም ስልክም ተከትሏት ጠፋ።

«አንተ የሽቦ ምስጥ!» ይማም ጮኸ። «የእኅቴን ድምፅ በላህብኝ!»

እንድሪስ ፊውዙን በማስቲካ ብርማ ወረቀት ሊጠቀልል ሲያጎነብስ፣ ሾፌሩ እጁን መታው። «ልታነደን ነው? ያላ፣ ውረድ!»

ይማም እስከ ቀትር ባሚያውን እንደ ጠላት አንገት ይቀነጥሰው ነበር። በቀትር እንድሪስ መጣ። የራሱን ስልክ ጀርባ ከፍቶ ባትሪውን አወጣ፤ የሁለቱም ስልክ አንድ ዓይነት ነበር።

«ሙሉ ነው። አልተነካም።»

«ካልነካኸው ዕለት ዕለት ምን ያሰካሃል?»

«ወንድሜ ከየመን ሲደውል ስልኬ ጠፍቶ ነበር፣ አያ። ከዚያ ወዲህ አልደወለም።»

ይማም ባትሪውን በራሱ ስልክ ከተተው። ሀዋ ደወለች። ደኅና ነበረች። «እዚያ ማን አለህ?» ብላ ስትጠይቀው፣ ይማም ባዶ ስልኩን ታቅፎ የቆመውን እንድሪስን በቁጣ አየው።

«አንድ መናጢ አለኝ።»

በማግስቱ ጋቢናውን ቀድሞ የያዘው ይማም ነበር። አዲስ ፊውዝ የገባለትን ቀዳዳ በመዳፉ ከድኖ፣ የተጠጋውን ሁሉ እየገሠጸ፣ እንድሪስ እስኪመጣ ጠበቀ።