የሄዘካያ ፒምብል ልጆች እነማን ናቸው?

በማሳቹሴትስ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ሁሉ፣ የማን ልጅ እንደሆንክ ከወለደችህ እናት በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ዳቦ ልትገዛ ወጥተህ እጁ ላይ ከወደቅክ አለቀልህ። ቅድመ አያትህ ሁለት ሚስት እንደነበራቸው፣ አንተም ማንም ከማይኮራባት ከሁለተኛዋ እንደተገኘህ ሰምተህ፣ ዳቦውን ረስተህ ትመለሳለህ።

ለእኛ ለዌክስኮት ሰዎች የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ሎርና ፒምብል ናቸው፤ የፒምብል ቤተሰብ ማኅበር የዕድሜ ልክ ሊቀመንበር፣ የሙታን ጠበቃ፣ የሕያዋን መከራ። ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። አንድ ጊዜ ጉልበታቸው ላይ ትራስ አስረው መቃብር መሃል ሲድሁ ያየ መንገደኛ ደንግጦ አምቡላንስ ጠራ። እሳቸው እቴ! የድሮ የመቃብር ድንጋይ እያነበቡ ነበር፤ በአንድ እጃቸው ውሃ መርጫ፣ በሌላው መስታወት ይዘው ፀሐይዋን ጽሑፉ ላይ እያበሩ። ሊያነሳቸው የመጣውን ሠራተኛ "የማን ልጅ ነህ?" አሉት። ነገራቸው። "አይደለህም" አሉት።

"ማስረጃህ የታለ?" የሰላምታቸው ያህል ነው። ሰርግ ላይ የሙሽራው አጎት ብርጭቆ አንስቶ "ዘራችን በመጀመሪያው መርከብ የመጣ..." ሲል፣ ከኋላ ወንበር "ማስረጃህ የታለ?" ተባለና ኬኩ በዝምታ ተቆረሰ። እናቴ የሞተች ጊዜ ለጋዜጣ "የሄዘካያ ፒምብል አሥረኛ ትውልድ" ብዬ ጽፌ ነበር። በቀብሩ ላይ ወይዘሮ ሎርና አቀፉኝ፣ ከልባቸው አለቀሱ፣ ከዚያ በጆሮዬ "አሥራ አንደኛ" አሉኝ።

ሄዘካያ ፒምብል በ1638 ከእንግሊዝ የመጣው የሁላችን አባት ነው። እኛ የኮረብታው ፒምብሎች ከበኩር ልጁ ከጆሳያ እንወለዳለን፤ አያቶቻችን ሲነግሩን የኖሩት እንዲህ ነው። ታች ረግረጉ ዳር ደግሞ ከጭቃ ውስጥ የሚበላ የባሕር ዛጎል እየቆፈሩ የሚኖሩ ሌሎች ፒምብሎች ነበሩ። እነሱም "የጆሳያ ነን" ይላሉ። እኛም ሦስት መቶ ዓመት ሙሉ ሳይታክተን "የእናንተ ጆሳያ ሌላ ነው፤ የአሽከሩ የራልፍ ልጅ ነው፤ አሽከሩ የጌታውን ስም ወስዶ ነው" ስንላቸው ኖርን። በነሐሴው የቤተሰብ ግብዣ የዛጎሉን ሾርባ ከአንድ ድስት እንቀዳለን፣ ጠረጴዛችን ግን ለየብቻ ነው።

ከረግረጉ ሰዎች ዛሬ የቀሩት ጋሽ አልደን ብቻ ናቸው። ልጅ የላቸውም። ሚስታቸው ሔቲ የኮረብታ ልጅ ነበረች፤ ዕድሜዋን ሁሉ ከእኛ ጠረጴዛ ተነስታ ከእሳቸው ጋር በላች። ስትሞት ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በድንጋይ አጥር የተከበበው የፒምብሎች መቃብር ገባች። የማኅበሩ ደንብ ግልጽ ነው፤ የሄዘካያ ደም ከሆነ በቀር ማንም አይገባም፣ ባልም ሚስትም አይቆጠሩም። ጋሽ አልደን እሑድ እሑድ አጥሩን ተደግፈው ያወሯታል። ባለፈው ክረምት ልባቸው ታመመ፤ ሐኪሙም እውነቱን ነገራቸው። ያን ጊዜ ወይዘሮ ሎርና ቤት መጡ። እኔ የማኅበሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ተቀምጬ ነበር።

"እትዬ ሎርና፣ ከጎኗ ልተኛ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ደንቡን ታውቃለህ፣ አልደን።"

"አርባ ዓመት ያንኮራፋሁባት ሴት ናት። እንዲህ ጸጥ ባለ ቦታ እንቅልፍ አይወስዳትም።"

"ማስረጃህ የታለ?"

"እሱን እርስዎ ይፈልጉታ! ሥራዎ አይደል?"

እሳቸው ሲወጡ ወደ ወይዘሮ ሎርና ዞርኩ። "ዝም ብለው ያስገቧቸው እንጂ፣ ማን ያያል?" አልኳቸው።

"አንተ ልጅ" አሉኝ። ስልሳ ሊሞላኝ ነው። "መልስ መስጠት በማይችል ሰው ላይ አልዋሽም።"

ጸደዩን ሙሉ ሲድሁ ከረሙ። እኛ የኮረብታዎቹ ውጤቱን ስለምናውቅ ዘና ብለን ነበር። ሰኔ ላይ ሣር ውጦት የኖረ፣ ከድስት ክዳን የማይበልጥ ድንጋይ አገኙ። ውሃ ረጩበት፣ መስታወቱን አዞሩ፤ "ጆሳያ፣ የሄዘካያ በኩር፣ በሦስት ዓመቱ ያረፈ" ይላል። ጉድ በል! የእኛ የኮረብታዎቹ አባት በሦስት ዓመቱ ሞቷል።

የጥንቶቹ ወላጆች ልጅ ሲሞትባቸው ስሙን ለሚቀጥለው ልጅ ይሰጡ ነበር። ይህን የዌክስኮት ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በራሱ ቤት ደርሷል ብሎ የሚጠረጥር ግን የለም። ቀጥሎ የተወለደው ጆሳያ ዕድሜው ሲሰላ ልክክ ያለው ከረግረጉ ሰዎች ቅድመ አያት ከጆሳያ ጋር ነው። ታዲያ ኮረብታውን የወረሰው የእኛ ጆሳያ ማን ነበር? መሬቱ የአሽከሩ የራልፍ እንደነበር አልጠፋንም። ራልፍ በኑዛዜው "ለልጄ ለጆሳያ" ብሏል። እኛ ደግሞ "ደግ አሽከር! የጌታውን ልጅ ከፍቅሩ ብዛት 'ልጄ' ይለው ነበር" እያልን ስንተረጉም ኖርን።

በነሐሴው ግብዣ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሜዳ፣ በቆሎው ተበልቶ ጣፋጩ የብሉቤሪ ፓይ ሳይቆረስ፣ ወይዘሮ ሎርና ተነስተው ይህን ሁሉ ተናገሩ። "ስለዚህ እኛ የራልፍ ነን። እኔም ጭምር። የሄዘካያ ልጅ አልደን ነው።"

የአክስቴ ልጅ ዊንትሮፕ፣ የቤተሰቡን ዓርማ በቀለበት ያስቀረጸው፣ ብድግ አለ። "ይህን ማን ጠየቀዎት?"

"አልደን" አሉ።

ጋሽ አልደን ግን ደስ ያላቸው አይመስሉም። ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ሔቲስ? እሷም የኮረብታ ናት።"

"በደንቡ... ቦታዋ ከአጥሩ ውጭ ነው።"

"እርስዎስ?"

"እኔም ከውጭ። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ አይደለሁ?" አሉ። ከእናታቸው ጎን ያለውን ቦታ ከወጣትነታቸው ጀምሮ ለራሳቸው ሲጠብቁት ኖረዋል። ሠላሳ ዓመት ያማኋቸው ሴትዮ ናቸው። ለካ በጣም ነው የምወዳቸው።

ጋሽ አልደን ጠረጴዛቸውን ተደግፈው ቆሙ። "እዚህ ካለነው ሕጋዊ አባል ማን ነው?"

"አንተ ብቻ።"

"እንግዲያው ሐሳብ አለኝ። ደንቡ ይሰረዝ። የኮረብታው ሰው ሁሉ ይግባ፤ ሔቲም ካለችበት አትነካ።"

"ሐሳብ ደጋፊ አባል ያስፈልገዋል፣ አልደን" አሉ ወይዘሮ ሎርና። "ካልተደገፈ ይወድቃል።"

ዙሪያውን አዩ። አንድም አባል የለም፤ ሁላችንንም አሁን አባረውናል።

"ሔቲ ትደግፈዋለች" አሉ ጋሽ አልደን።

ዊንትሮፕ ሳቀ። እኔ ግን ብዕሬን ይዤ ጠበቅሁ፤ ሔቲ ሞታለች፣ አባልም እንዳልሆነች ራሳቸው ወይዘሮ ሎርና ገና አሁን አረጋግጠዋል። ወይዘሮ ሎርና ወደ መቃብሩ የድንጋይ አጥር አሻግረው አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉ።

"ተደግፏል" አሉ። "ጻፍ፣ አንተ ልጅ።"

ጻፍኩ።