«ይቀመጡ» የተባሉት ሐጂ

አትናገር ሲባል ዝም የሚል ሰው አለ። ሐጂ ዚያድ ግን ማመልከቻ ያጽፋሉ። በምን አወቅህ ትሉኝ ይሆናል፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጬ የምጽፍላቸው ጎረቤታቸው እኔ ነኛ።

በሰፈራችን ስብሰባ ላይ ስለ ጀጎል ፍሳሽ ገና መናገር ሲጀምሩ፣ ሰብሳቢው አቶ ተስፋዬ «ይብቃዎት፣ ይቀመጡ» አሏቸው። በማግስቱ ሐጂ «ሰብዓዊ መብቴ ተረግጧል ብለህ ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። ማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ፣ «ይቀመጡ» ስድብ አይደለም ብሎ መለሳቸው። ሸሪዓ ፍርድ ቤት ሄዱ። እዚያ የሚታየው ጋብቻና ውርስ ነው፤ እሱም ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ። ሐጂ ከዚህ ሁሉ የሰሙት «ሲስማሙ» የሚለውን ብቻ ነው። አቶ ተስፋዬን ማተባቸው አንገታቸው ላይ እንዳለ ይዘዋቸው ሲመጡ፣ እኔም ሥራዬን ጥዬ ተከተልኩ።

«በእኔ በኩል ተስማምቻለሁ» አሉ አቶ ተስፋዬ ለቃዲው፣ «ብቻ ይገላግሉን።»

ቃዲው ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉ። «ጉዳዩን የማየት ሥልጣን የለኝም። ግን እዚህ ድረስ አብረዋቸው ከመጡ፣ ስብሰባው ላይ ቢሰሟቸው አይቀልዎትም?»

እሑድ ስብሰባው ላይ ሐጂ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተናገሩ። ከኋላ ጎረቤታችን አሚና እጇን ስታወጣ ሐጂ «ቆዪ፣ ተቀመጪ» አሏት። አሚና ዞራ እኔን አየችኝ። እኔም እስክሪብቶዬን አወጣሁ።

ሐጂ ሁለታችንንም አዩን።

«አስተግፊሩላህ» ብለው ተቀመጡ። «ተናገሪ ልጄ፤ ማመልከቻ አያስፈልግም።»