ጋቢና ለኃላፊው

አዲስ የተቀጠረችው ባልደረባችን ባለፈው፣ ከሥራ ውጭ በምን ይዝናናሉ ብላ ጠየቀችኝ። መጽሐፍ አነባለሁ አልኳት። ውሸቴን ነው። ለእናንተ ግን ምን አስዋሸኝ? እኔ የምዝናናው ሚኒባስ በመሳፈር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቢቸና ሞጣ እሄዳለሁ፤ ሻይ እጠጣና እመለሳለሁ። ሞጣ ውስጥ ዘመድም ጉዳይም የለኝም።

አትሳቁ! እዚህ ያደረሰኝ ሥራዬ ነው። የአፈር ምርምር ላቦራቶሪ ስቀጠር ሥራዬ በየማሳው እየዞሩ አፈር መሰብሰብ ነበር። ጠላ ሳያቀምሰኝ የሚሸኘኝ ገበሬ አልነበረም። አድጌ ቴክኒሻን ሆንኩ። ጠላው ቢቀርም፣ ከባልደረቦቼ ጋር አፈር በወንፊት እየነፋን ሰው ስናማ እንውላለን። ከዚያ ደግሞ የላቦራቶሪው ኃላፊ ሆንኩ። ይኸው አሁን ሻይ ክበብ ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። እኔን ሲያሙ ነበር እንዴ? ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ቢያንስ አስታውሰውኛል። ቤቴ ስገባ ሚስት የለ፣ ልጅ የለ። አንዳንድ ቀን ከቢሮ ከወጣሁ ጀምሮ እስኪነጋ የገዛ ድምፄን አልሰማውም። ይከብዳል።

ሚኒባስ ላይ ግን ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራት ሆነን እንቀመጣለን። እንደዚያ ተጣብቆ ዝም የሚል ማን አለ? የአንዱን የፍርድ ቤት ክርክር፣ የሌላዋን አማት ክፋት ሰምቼ፣ ሳይጠይቁኝም ሐሳብ ሰጥቼ ሞጣ እደርሳለሁ።

አንድ ቅዳሜ ታዲያ ደብረ ወርቅ ላይ የተሳፈሩ ገበሬ አወቁኝ። አፈራችንን የሚመረምሩት ኃላፊ እኮ እሳቸው ናቸው ብለው ለተሳፋሪው ሁሉ አወጁ። ሾፌሩ ደነገጠ።

«ኧረ በማርያም! እርስዎን የመሰለ ሰው ከኋላ ይታፈናል?»

ጋቢና አስገባኝ። እንዳልጨናነቅ ብሎ ከጎኔ ማንንም አላስቀመጠም። ሙዚቃውን ሳይቀር ዘጋልኝ። ከኋላ ሳቃቸው ይሰማኛል፤ ያሳቃቸው ነገር ግን አይሰማኝም። ከኋላ ይሻለኛል ብል ሁሉም በትሕትናዬ ተደነቁ። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜዬ ሁሉ እንዲሁ ሆነ።

ባለፈው ሳምንት ግን ከሞጣ ስመለስ የማያውቀኝ ሾፌር አገኘሁና መጨረሻው ወንበር ላይ ተሸጎጥኩ። ከጎኔ ያሉ እናት ሥራህ ምንድን ነው አሉኝ። ሥራ የለኝም አልኳቸው። ሚስትስ? የለኝም። ልጅስ? እሱም የለኝም። አንጀታቸው አልቻለም። ከያዙት ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፤ እስከ ቢቸና ሲያጫውቱኝና ሲመክሩኝ መጡ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ስንወርድ እጄን ያዝ አድርገው አጽናኑኝ።

«አይዞህ ልጄ፤ ሥራ ያገኘህ ለት እንዲህ ብቻህን አትቀርም።»