በሐጂ እግር የሄድኩት መንገድ

ሰው ቦርጩን ላጥፋ ብሎ ሲነሳ መጀመሪያ የሚደክመው ምላሱ ነው። ገና አንድ እርምጃ ሳይራመድ ለጎረቤት ያወራል፣ ለሚስቱ ያውጃል፣ ነጭ ስኒከር ይገዛል። ስኒከር መግዛት ራሱ ላብ ያስወጣል፣ በተለይ መርካቶ ውስጥ ተከራክሮ ለገዛ። አትሳቁ፤ እናንተም አልጋችሁ ሥር አቧራ የጠጣ አንድ ጥንድ ሳይኖራችሁ አይቀርም።

እኔ ጌታሁን መርካቶ ሳፋና ባልዲ እሸጣለሁ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምውል ደንበኛ ሲመጣ ቀድሞኝ የሚቀበለው ቦርጬ ነው። ሐኪሙ ግፊቴን ለካና ‹‹በእግርህ ካልሄድክ በሰው ትከሻ ትሄዳለህ›› አለኝ። ደነገጥኩ። ወሬውን ለሐጂ ሸምሱ አደረስኩ። ሐጂ ከጎኔ ምንጣፍ ይሸጣሉ፤ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ።

‹‹ከቀትር በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ውጣና ተራመድ። ሱቅህን እኔ አይልሃለሁ›› አሉኝ።

መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ ጎረቤት የራሱን ገዢ አቁሞ ያንተን ዕቃ ይሸጣል። መንገዴንም ነገርኳቸው፤ ከራጉኤል አውቶቡስ ተራ፣ ዞሬ እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ ከዚያ ወደ ሱቅ። ስልኬ ግርግሩ ውስጥ እንዳይመነተፍብኝ እሳቸው ጋ ትቼ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ቀን በእርግጥ ሄድኩ። በማግሥቱ ግን ከራጉኤል ጀርባ ካለችው ሻይ ቤት የወጣ የቦንቦሊኖ ሽታ ያዘኝ። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ እኔም ክርስቲያን ነኝ፣ ሥጋና ቅቤ አልነካሁም። በዘይት የተጠበሰውን ግን ማን ከለከለ? ጾም ያከሳል የተባለው ሳምቡሳ አገራችን ሳይገባ ነው። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ እዚያው ቁጭ ብዬ እበላለሁ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ፊቴን ውሃ ረጭቼ እያለከለክሁ እመለሳለሁ። ሐጂ ‹‹አይዞህ፣ በርታ›› እያሉ ወንበር ይስቡልኛል። ለካ ረመዳንም ገብቷል። ከንፈራቸው ደርቆ ሁለት ሱቅ የሚጠብቁት እኔ ቦንቦሊኖ እንድበላ ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ? እኔንም ቀለለኝ።

አንድ ቀን ሻይ ቤቷ ውስጥ ጨዋታ ይዞኝ ዘገየሁ። ስመለስ ሐጂ የሉም።

‹‹ግፊቱ ጥሎት ይሆናል ብለው ሊፈልጉህ ወጡ›› አለኝ የማዶው ባለሱቅ። ‹‹ስልክህ እዚህ ነው፣ በምን ይደውሉልህ?››

ፀሐዩ አናት ይበሳል። ልከተላቸው አልኩ፤ በየት በኩል እንደሚመለሱ ግን አላውቅም። ስቁነጠነጥ ሐጂ ብቅ አሉ፣ አንድ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው። ተረከዛቸው ተልጧል። ሲያዩኝ ‹‹አልሐምዱሊላህ›› ብለው ምንጣፋቸው ላይ ዘፍ አሉ። ውሃ ላቀርብላቸው ተነስቼ ጾማቸው ትዝ ሲለኝ ከነኩባያው ቆሜ ቀረሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

‹‹መንገድህን ሁሉ ዞርኩት›› አሉ ትንፋሻቸው ሲመለስ። ‹‹ራጉኤል ደጃፍ ጧፍ ሻጯን ጠየቅሁ፤ አውቶቡስ ተራ ተራ አስከባሪውን፣ ድልድዩ ጋ ሱሪ ሻጩን። ወፍራም፣ ነጭ ጫማ ያደረገ፣ በየቀኑ በዚህ የሚያልፍ ሰው ብል ማንም አያውቅህም።›› አገጬ ላይ የቀረችውን የቦንቦሊኖ ስኳር አየት አደረጉና ‹‹ምን ያህል ብትፈጥን ነው ልጄ?›› አሉ።

ገብቷቸው ይሁን አይሁን እስከዛሬ አልጠየቅኋቸውም። ይኸው ለእናንተ ዘረገፍኩት፤ ለሳቸው ግን ትንፍሽ አላልኩም።

በማግሥቱ የምሬን ወጣሁ። ገና ራጉኤል ደጃፍ ስደርስ ጧፍ ሻጯ ነጩን ጫማዬን አይታ ጠራችኝ።

‹‹ሐጂ እያለቀሱ የፈለጉህ አንተ ነህ እንዴ?››

ማልቀሳቸውን አልነገሩኝም ነበር። አውቶቡስ ተራ ስደርስ ተራ አስከባሪው ‹‹ተገኘህ?›› አለኝ። ድልድዩ ጋ ሱሪ ሻጩ ቦርጬን አየና ‹‹እኚያን ሽማግሌ በጾም አፋቸው እንዲህ ታንከራትታለህ?›› ብሎ ፊቱን አዞረብኝ።

ከዚያ ወዲህ ቀርቼ አላውቅም። ብቀር መንገዱ ሙሉ ይጠይቀኛል። ብርታቱን ከየት አመጣኸው የሚሉኝ አሉ፤ ሰው ከወኔ ያመጣዋል፣ እኔ ከሀፍረት። ቦርጬም ትንሽ ጎደል ብሏል።

ሐጂ ግን ያ ተረከዛቸው አልሻረላቸውም፣ አሁንም ያነክሳሉ። ከመንገድ ስመለስ እያነከሱ ተነስተው ወንበር ይስቡልኛል።